ከታች የቀረው

ኦሬስት ማላኒዩክ የደወለ ማታ
ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የሌባ ሹክሹክታ፤
«አንዲት ማሽን አለችኝ፣ ጉልበቷ የከዳት፣
አንቺ ነሽ አሉኝ የምታድኛት።»

በሙስ ጆ ከተማ ብርዱ ጥርስ አውጥቷል፣
ሠላሳ ስምንት ከዜሮ በታች ወርዷል።
መኪናዬ ሁለቴ ስላ ተኛች፤
በእግሬ ወጣሁ፣ መበየጃዬን በካልሲ ጠቅልዬ፣
ካርዷን እንደ ጫጩት ከንፋሱ ከልዬ።

ምድር ቤት ወረድን።
የኮምጣጤ ኪያር ሽታ፣ የማሞቂያው ጉርምርምታ፤
በጥልፍ ጨርቅ ሥር አሚጋ፣ እንደ አጫሽ ጥርስ ወይባ፣
ከፈረንጅ ሰማንያ ስምንት ጀምሮ ከዚያችው ቦታ።
«የስቴፋንያ ናት» አለ።
ለእኔ ወንበር ሳበ፣ ለራሱ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ፣
ሌላ ቃል አላወጣም፤ ከንፈሩን ብቻ መጠጠ።

አራቱን ብሎን ፈታሁ።
አምስተኛው ዝጎ ነበር፣ አንገቱ ተሰበረ።
ክዳኗን ባነሳ የሱፍ ፍሬ ቅርፊት፣
አንዲት ብቻ፣ በጥርስ የተከፈለች፣
በቺፖቹ መካከል እንደ ጀልባ ቆማለች።
«እየቆረጠመች ነበር የምትጽፈው» አለ።
«ሁሌም። አልጋ ላይም።»

ጥቁሯ አንጎል ስልሳ አራት እግሯን ተክላ ተኝታለች፤
በሴኮንድ ሰባት ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች፤
ዛሬ ኤሊ ናት፣ ያኔ ፈረስ ነበረች።
በቀጭን ብረት ከዚህም ከዚያም ፈልቅቄ፣
ድድ ሳይደማ ጥርስ እንደመንቀል ተጠንቅቄ
አነሳኋት፤ የሃምሳ ሚሊዮኗን ተከልኩ።

እጄ ሲሠራ አፉ ተፈታ።

«በገባች በዓመቷ ክረምት ሚስቴ ሥዕል ጀመረች፤
በብሩሽ አይደለም፣ በቁጥር።
ሦስት ኳስ፣ አንድ መብራት፣ የዳማ ገበታ የመሰለ ወለል።
ብርሃኑ ከየት ነክቶ ወዴት እንደሚነጥር
ማሽኗ ነጥብ በነጥብ ታሰላለች፣
ከላይ ወደ ታች፣ እንደ መጋረጃ፣ መስመር በመስመር።
አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል።
ቁርስ ላይ እንደ አየር ጠባይ
‹ዛሬ የት ደረሰ?› እንባባል ነበር።
በመጀመሪያው ዙር፣ በስድስተኛው ቀን፣
ውሽንፍር ሽቦ በጠሰ።
በሁለተኛው...»
ማሞቂያው አጉረመረመ።
«በሁለተኛው፣ በዘጠነኛው ቀን፣ የድንች ከረጢት ይዤ ስወርድ
ገመዱን የነቀለው እግሬ ነው።
ምንም አላለችም። ነገ እጀምረዋለሁ አለች።
ነገ ነገን ወለደ።
ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ በሽታ መጣ፤ እሷ ሄደች።
ከታች ምን እንዳለ እስካሁን አላየሁም።»

አበራሁ። አረንጓዴ፤ ጭው ያለ አረንጓዴ ብቻ።
የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።
አንዲት እግር ታጥፋ ኖሯል፣ በመርፌ አቃናኋት።
ደግሜ ባበራ ነጭ እጅ ብቅ አለች፣
ዲስክ ጨብጣ፣ «አምጡ» እንደማለት።
ሰማያዊውን ሰጠናት። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ
«ኳሶች፣ ሦስተኛ ሙከራ» ይላል።
ሦስተኛ ሙከራ ኖሮ አያውቅም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው።
የአሥራ አንድ ቀን መንገድ በአምስት ሰዓት ልትሄደው
ተነሳች። እኛ ጥቅል ጎመን በላን።
መጋረጃው ይወርዳል፦ ሰማይ፣
የኳስ ግንባር፣ የኳስ ሆድ።
ያቺ መስመር ጋ ስትደርስ፣ እግሩ ያስቆማት ጋ፣
ኦሬስት፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣
ሁለት እግሮቹን ከወለሉ አነሳ፤
አየር ላይ ያዛቸው፣ እስኪንቀጠቀጡ።
አለፈች።

እኩለ ሌሊት ላይ አለቀ።
ከታች፣ በስተቀኝ፣ ቀዩዋ ኳስ
ወለሉ ውስጥ እስከ ወገቧ ሰጥማለች።
አንድ ቁጥር ተሳስታለች።
ዝም። ከዚያ ሳቅ፣ ሳል የቀላቀለ ሳቅ፤
«መደርደሪያ ስትሰቅልም እንዲህ ነበረች! ሜትር ጠልታ!»
ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።
«ያኔ ቢያልቅ ኖሮ ደግማ ትጀምረው ነበር።
ሌላ አሥራ አንድ ቀን።
እኔም እግሬን ታቅፌ።»

ክዳኗን ገጠምኩ። አራት ብሎን፤
የአምስተኛው ቀዳዳ ክፍት ቀረ።
ቅርፊቷን፣ ማንም ሳይነግረኝ፣
ከነበረችበት መልሻት ነበር።